ደንብና ሰው፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የአስተዳደር ዘመን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ እግር ኳስ በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ግብ ያገባው ተጫዋችና ዋንጫ ያነሣው አምበል ነው። ግጥሚያው በዕለቱና በሰዓቱ እንዲደረግ መርሐ ግብሩን ያወጣው፣ የተጫዋቾችን መታወቂያ የመረመረው፣ የዳኛውን ሪፖርት ተቀብሎ በመዝገብ ያሰፈረው፣ አቤቱታ ሲቀርብለትም ደንቡን ገልጦ ውሳኔ የሰጠው ሰው ግን ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ ነው። እኛ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው ይህንኑ ሥራ መተዳደሪያችን ያደረግን ሰዎች በመሆናችን፣ አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ከሜዳው ጀግኖች ይልቅ ከጽሕፈት ቤት ሰዎች የአንዱን ሕይወት መርጫለሁ። እኚህም ሰው በሜዳም በጽሕፈት ቤትም የሠሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ዓላማዬ የውዳሴ ቃል መደርደር አይደለም። የሙት ውዳሴ ለተናጋሪው ይቀልለዋል፤ አድማጩን ግን አያስተምረውም። ሐሳቤን በአጭሩ አስቀድሜ ልናገር፦ የአንድ አስተዳዳሪ ሥራ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደንቡን ለወዳጅም ለባዕድም እኩል ማድረጉ ሲሆን፣ ሁለተኛው እሱ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ሥራው ያለ እሱ እንዲቆም ማድረጉ ነው። አቶ ይድነቃቸው የመጀመሪያውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠብቀዋል። ሁለተኛው ለአፍሪካ ሲፈጸም ለገዛ አገራቸው ግን ሳይፈጸም ቀርቷል። ለዚህኛው ተጠያቂዎቹ እሳቸው ሳይሆኑ ከእሳቸው በኋላ መዝገቡን የተረከብነው እኛ ነን ብዬ አምናለሁ። የብዙዎቹ ጉባኤዎች ታሪክ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ዘመናቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በአገራችን አቆጣጠር በምናገርበት ጊዜ ዓ.ም. እላለሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዘፈናቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። አባትየው ቃል እንዳይጠፋ በሸክላ አኖሩ፤ ልጅየው ደግሞ የጨዋታ ሥርዓት እንዳይጠፋ በወረቀት ሲያኖሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል ለሁለቱም ይስማማል።

ወጣቱ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን መጫወት የጀመሩት ቡድኑ በተመሠረተ ሰሞን ነው። ወዲያው የፋሺስት ወረራ መጣ። በዚያን ዘመን ገዢው ኃይል ባወጣው የዘር ሕግ ኢትዮጵያዊ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ ተከልክሎ ነበር። ይህንን አድማጮቼ በልቡናቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በኋላ ይኸው ሕግ በሌላ አገር ስም ለብሶ በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብላቸዋል።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በአዲስ አበባም የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ተጀመረ። የተወዳዳሪዎቹ ስም ብቻውን የዘመኑን ከተማ ያሳያል፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወራሪና ተወራሪ የነበሩ ሰዎች በአንድ መርሐ ግብር፣ በአንድ ዳኛ ፊሽካ፣ በአንድ የነጥብ ሠንጠረዥ ሊተዳደሩ ተስማሙ ማለት ነው። ሊግ ማለት በመሠረቱ ይህ ነው። የማይዋደዱ ሰዎች ሽንፈታቸውን የሚቀበሉት አሸናፊውን ስለወደዱት ሳይሆን ደንቡ ለሁሉም አንድ መሆኑን ስላመኑ ነው።

አቶ ይድነቃቸው እስከ 1958 ድረስ በተጫዋችነት ቆይተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል። የፌዴሬሽኑም ዋና ጸሐፊ ሆነው ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ዛሬ በማኅበራችን የሥነ ምግባር መመሪያ ተጫዋችም አስተዳዳሪም መሆን እርስ በርሱ የሚጋጭ ኃላፊነት ነው እንላለን፤ ልክ ነን። በዚያን ጊዜ ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ቁጥር በእጅ ጣት የሚቆጠር ስለነበረ ሸክሙ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ካርቱም ልውሰዳችሁ። የካቲት 1957 የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተሰበሰቡ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ዕጣ ወጥቶ፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ሱዳን ደግሞ ከግብፅ ጋር ደረሳቸው። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ እንደማትችል አስታወቀች፤ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ይሰለፉ አለች። ሌሎቹ አገሮች አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት በፎርፌ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ይህን ታሪክ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው ድፍረቱን ነው። እኔ ግን እንደ ሙያ ባልደረባ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው። አዲስ የተወለደው ድርጅት አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ አንዱን ማጣት የቤቱን ሩብ ማጣት ነው። «ለጊዜው እንለፈው፣ ሲጠነክር እናስተካክለዋለን» የሚል ምክር በማንኛውም ጽሕፈት ቤት በየቀኑ የሚሰማ ምክር ነው። መሥራቾቹ ይህን መንገድ አልተከተሉም። በመጀመሪያው ቀን የተጣሰ ደንብ በሁለተኛው ቀን ደንብ መሆኑ ይቀራልና። ደግሞም ያስቀመጡት ክልከላ ቁልፍ ያለው በር ነበር፦ ደቡብ አፍሪካ የምትገባው ቆዳ ሳይለይ የተመረጠ ቡድን ስታሰልፍ ነው። የሚዘጋ ደንብ ምን እንደሚከፍተው ካልተናገረ ቂም ይሆናል፤ የካርቱሙ ግን ደንብ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የደስታ ዘመን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ በአስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ግጥሚያ ግብ አግብቷል። የፋሺስት የዘር ሕግ ከተሻረ ገና ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በካርቱም በወረቀት የተጻፈው ሐሳብ በአዲስ አበባ ሣር ላይ ታየ፤ ለሌላው የደነገግነውን በራሳችን ቤት ፈጸምነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ፈተና የመጣው ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከፊፋ ዘንድ ነው። በ1964 ፊፋ የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎች ሲደለድል ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ መደበ። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር ገና ግጥሚያ ማድረግ ነበረበት። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ጉዳዩን በግንባር ቀደምትነት ይዘው ተከራከሩ፤ መልስ ስላልተገኘም የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ለተጫዋቾቹ ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አልነበረም። የአንድ ተጫዋች ጉልበት የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ታላላቅ የአፍሪካ ተጫዋቾች የዓለምን ዋንጫ ሳያዩ ጫማቸውን ሰቀሉ። ነገር ግን ለ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ሙሉ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1982 ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ካሜሩን ደግሞ ሳትሸነፍ ተመለሰች። በ1998 አምስት ሆነ። ለ2026ቱ ውድድር ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታዎች ተመደቡ። ዛሬ በአፍሪካ ማጣሪያ የሚሰለፍ ማንኛውም ወጣት የእነዚያን ያልተጫወቱ ተጫዋቾች ውርስ ይካፈላል።

አቶ ይድነቃቸው በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም፣ ማለትም ለ15 ዓመታት፣ በዚያው ሥልጣን ቆዩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከካርቱም ይዘውት የተነሡት ጉዳይ ከእጃቸው አልወጣም። ሂደቱን በዘመን ቅደም ተከተል ብንመለከተው የአስተዳዳሪ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይገባናል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ። በ1963 የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ወደዚያው አገር ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሣ። በ1964 በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ ነጻነታቸውን ያገኙት የአፍሪካ አገሮች ድምፅ በርክቶ ስለነበር እገዳው እንደገና ጸና። በ1974 በፍራንክፈርት ሰር ስታንሊ በምርጫ ተሸንፈው ብራዚላዊው ዦአው አቬላንዥ ተተኩ። በ1976 በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። ከካርቱም እስከ ሞንትሪያል 19 ዓመት ነው። በዚህ መካከል መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ በአገራችንም ዘውዱ ወርዶ ሌላ መንግሥት ተተክቷል። ጉዳዩ ግን ሳይዘነጋ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከአጀንዳ ወደ አጀንዳ ተሸጋገረ። አንድ ጊዜ በድምፅ የተሸነፈን ነገር ቃለ ጉባኤውን ይዞ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማቅረብ፣ ይህ ጭብጨባ የሌለው ጀግንነት ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

የተሸነፉበትንም ጉዳይ ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ከውዳሴ አይለይም። ኮንፌዴሬሽኑ በ1965 ባወጣው ደንብ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ የሚያሰልፈው ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወት ሰው ከሁለት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። አቶ ይድነቃቸው የዚህ አስተሳሰብ ጽኑ ደጋፊ ነበሩ። ምርጥ ልጆቻችን ወደ አውሮፓ እየፈለሱ ከሄዱ የአገር ውስጥ ሊጎች ይደርቃሉ፤ አህጉሩም የሌሎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ደንቡ በ1982 ተሻረ። ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ የሚሰለፉት ብዙዎቹ ከዋክብት የሚኖሩት በአውሮፓ ነው።

ተሳስተው ነበርን? ደንቡን በተመለከተ አዎን፣ ተሳስተው ነበር እላለሁ። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ እንጀራውን በሚያገኝበት ቦታ እንዳይፈልግ ከልክለን፣ ፈልጎ ሲሄድም የአገሩን መለያ እንዳይለብስ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። ሥጋቱን በተመለከተ ግን አልተሳሳቱም። በአብዛኛው የአፍሪካ ከተማ ሕዝቡ የሩቁን የእንግሊዝ ሊግ የነጥብ ሠንጠረዥ በቃሉ ሲያውቅ የሰፈሩን ክለብ ግጥሚያ ሰዓት አያውቅም። ከዚህ የምንማረው ሕመሙን በትክክል ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ሊስት እንደሚችል ነው። ለሊግ መድረቅ መድኃኒቱ ተጫዋቹን ማሰር ሳይሆን ሊጉን ማጠጣት ነው፤ ይኸውም የእኛ የአስተዳዳሪዎቹ ሥራ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። የገነቡት የአህጉር ቤት በማግሥቱም ቆሞ ነበር፤ ጉባኤው ተሰበሰበ፣ ተተኪ መረጠ፣ ውድድሩም በተያዘለት ዓመት ተደረገ። በ1992 በደቡብ አፍሪካ የዘር ሕጉ ሲፈርስ የካርቱሙ በር በተነገረለት ቁልፍ ተከፈተ። በ1996 ያች አገር የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ፣ ነጭና ጥቁር አብረው የተሰለፉበት ቡድኗ ዋንጫውን ወሰደ። ደንቡን የጻፉት ሰው ይህን አላዩም፤ የጻፉት ደንብ ግን ያለ እሳቸው ሥራውን ፈጸመ።

በአገራችን የሆነው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በ1982 በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከተሳተፈች በኋላ እስከ 2013 ድረስ፣ ማለትም ለ31 ዓመታት፣ ወደዚያ መድረክ አልተመለሰችም። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነች፣ ዋንጫውንም የወሰደች አገር ናት። የተመለሰችበት ውድድር የተደረገው ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ በ1957 ሳትጫወት በፎርፌ ባለፈቻት አገር።

በዚያው ዓመት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ከተማውም በደስታ ሰከረ። በዚያው ዕለት ፊፋ ጉዳያችንን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ግጥሚያ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ በሜዳ የተገኘው ድል ተሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብም አጣን። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ምድቡን በመሪነት ጨርሶ፣ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ በመሸነፉ ከውድድሩ ወጣ። ስለዚህ ያ ስሕተት የዓለም ዋንጫን አሳጣን አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ካርቱም ላይ ደንብ ከጻፉት አገሮች አንዷ ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር ተሳናት።

ድንጋይ ለመወርወር እንዳልተነሣሁ ትረዱልኝ ዘንድ የራሴን ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ሊግ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሬ ሳለሁ፣ የአንድ ተጫዋች ቅጣት በዳኛው ሪፖርት ተጽፎ ሲደርሰኝ ወደ መዝገቡ ሳልገለብጠው ቀረሁ። ጊዜው የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ነገ እጽፈዋለሁ አልሁ። በሚቀጥለው እሑድ ተጫዋቹ ተሰለፈ፤ ቡድኑ አሸነፈ፤ ተሸናፊው ከሰሰ፤ ነጥቡም ተነጠቀ። ያን ነጥብ ያጣው ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ወደ ታችኛው ምድብ ወረደ። በእኔ ላይ የደረሰ ቅጣት አልነበረም። የቡድኑ መሪ የነበሩ ሽማግሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥተው፣ ሳይቆጡ፣ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ልጆቼ በእግራቸው ያገኙትን አንተ በብዕርህ አስወሰድህባቸው።» ወንበር ባቀርብላቸው አልተቀመጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሪፖርት ሳልመዘግብ ከጽሕፈት ቤት ወጥቼ አላውቅም።

የእኔም ስሕተት ሆነ የ2005ቱ ስሕተት ሥሩ አንድ ነው፤ ሥራው በሰው ትውስታ ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ። በአቶ ይድነቃቸው ዘመን ተጫዋቹም፣ አሠልጣኙም፣ ጸሐፊውም፣ ተደራዳሪውም አንድ ሰው ሲሆን አገሩ የሚተርፈው ያ ሰው ታላቅ ስለነበረ ነው። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ኮንፌዴሬሽኑ ሎሚውን ተካፍሎ ተሸከመው፤ ቋሚ ጽሕፈት ቤት በካይሮ ተከለ፣ ጉባኤውን በየጊዜው ጠራ፣ ቃለ ጉባኤውን ጠበቀ። እኛ ደግሞ ሸክሙን በታላቁ ሰው ትከሻ ላይ እንዳለ ትተን፣ ሰውየው ሲያልፉ ሎሚው ተበተነ።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ስንለያይ ሦስት ነገር ይዘን እንድንሄድ አሳስባለሁ። እያንዳንዱ ሊግ የቅጣት መዝገቡን በሁለት ሰዎች እጅ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ይያዝ፤ ከግጥሚያ በፊትም ሁለቱ መዝገቦች ይመሳከሩ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ሥራውን የሚያውቅ ረዳት በሥራ ላይ ሳለ ያሠልጥን እንጂ ዕውቀቱን ይዞ ጡረታ አይውጣ። እያንዳንዱ የምናወጣው ክልከላ ደግሞ ምን ሲሟላ እንደሚነሣ በዚያው አንቀጽ ይጻፍ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በጋዜጣ አይወጡም። ይሁን እንጂ ኳሱ ከመንከባለሉ በፊት ፍትሕ መኖሩን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በ1957 በካርቱም የተቀመጡበት ጠረጴዛ ምናልባት ዛሬ የለም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የጸናው ደንብ ግን 35 ዓመት ጠብቆ፣ ጊዜው ሲደርስ በሩን ራሱ ከፈተ። የእኛ መዝገብስ ከእኛ በኋላ ስንት ዓመት ይቆማል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንሰጠው በዚህ አዳራሽ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት፣ የእሑዱን የዳኛ ሪፖርት ተቀብለን ብዕር ስናነሣ ነው።